ባለቤት የሚፈለግለት ግራ እጅ

ይህ ታሪክ በማርያምም በወላሂም የተማለበት ነው። ድሬዳዋ ውስጥ ሁለቱ መሐላዎች ባንድ ነገር ላይ ገጥመው ነገሩ ሐሰት የሆነበት ቀን እስከ ዛሬ አልተመዘገበም። ይህም አልበቃ ላለው ሦስተኛ መሐላ አለ። ያፌት ጎሚስታው ቀኝ እጁን ወደ ላይ ያነሳና «ይቺ ትቆረጥ» ይላል። በግራው ግን አይምልም። ቢለምኑትም አይምልም። ታሪኩ ለምን በግራው እንደማይምል ነው።

ነገሩ የሆነው በ2071 ዓ.ም. ነው። ያን ጊዜ ያፌት ጎማ መጠገኑን ትቶ በማሰማሪያው የእጅ ሠራተኛ ሆኖ ነበር። ማሰማሪያው የሰው እጅ ለሩቅ አገር ሥራ የሚሰማራበት፣ ከዚራ ሠፈር ውስጥ፣ ከትልልቆቹ ዛፎች ማዶ ያለው ረጅም አዳራሽ ነው። ዘጠኝ ሺህ ሰው ይሠራበታል። ከዘጠኝ ሺውም ፈጣኑ፣ ጥንቁቁና መልከ መልካሙ ያፌት ነበር። ይህን ያፌት ራሱ አልተናገረም፤ የተናገረው ማስረጃው ነው። ማስረጃውን ያቀረበው ግን ያፌት ነው።

የሥራው ቀን እንዲህ ይጀመራል። ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ሠራተኛው ወንበሩ ላይ ይቀመጣል። ግራ ክንዱን ከጠረጴዛው ሥር ያሳርፋል፤ እንዳያየው ጥቁር ጨርቅ ይጋረድበታል። መነጽሩን ያጠልቃል። በመነጽሩ ውስጥ፣ የገዛ እጁ መሆን በሚገባው ቦታ ላይ፣ ሌላ እጅ ተጋድሞ ያያል፤ ግራጫ፣ አምስት ጣት ያለው፣ የትም አገር ሊሆን የሚችል የብረት እጅ። ከዚያ ሁለቱን እጆች የምታስማማው ሴት፣ አስማሚዋ፣ ብሩሿን ይዛ ትመጣለች። በጨርቁ ሥር ያለውን የሥጋ እጅ በብሩሹ ስትዳብስ፣ በዚያው ቅጽበት እዚያኛው አገር ሌላ ብሩሽ የብረቱን እጅ ይዳብሳል። እዚህ አውራ ጣት፣ እዚያም አውራ ጣት። እዚህ ሌባ ጣት፣ እዚያም ሌባ ጣት። ዓይን የሚያየውና ቆዳ የሚሰማው አንድ ላይ ሲገጥሙበት ጭንቅላት መጀመሪያ ያመነታል። ሠላሳኛው ዳበሳ ላይ ይለዝባል። ስልሳኛው ላይ «የኔ ነው» ይላል። ከዚያ በኋላ ሰውየው ድሬ ተቀምጦ እጁ ሌላ ቦታ ነው።

የያፌት አስማሚ ኢክራም ነበረች፤ ስልሳ ዓመት የሞላት፣ ብሩሽ ስትይዝ እጇ የማይንቀጠቀጥ፣ ስትናገር ደግሞ ለማንም የማትመለስ ሴት። ስልሳውን ዳበሳ የምትቆጥረው በልቧ ነው። አንድም ቀን ስልሳ አንድ ብላ አታውቅም።

ያፌት በአንድ ጠዋት ብቻ በሰሜን ባሕር ላይ በምትንሳፈፍ መርከብ አሥራ አንድ ሺህ ዓሣ አጽድቷል። ቁጥሩን የሚጠራጠር ዓሣዎቹን ይጠይቅ። እዚያው ቀን፣ ከሻይ ዕረፍት በኋላ፣ በረዶ አገር ባለ የሰዓት ሠሪ ጠረጴዛ ላይ የትንኝ ዓይን የምታክል ብሎን አጥብቋል፤ ሰዓቷ እስከ ዛሬ አንድ ሴኮንድ አላዛነፈችም። አንዴ ደግሞ የአንዲት የዘጠና ዓመት አሮጊት ፀጉር አበጠረ። አሮጊቷ የብረቱን እጅ ያዝ አድርጋ በቋንቋዋ አንድ ነገር አለች። ሲተረጎም «የማን ልጅ ነህ?» ማለት ሆነ። ያፌት ይህን ሲያወራ ድምፁ ትንሽ ይሰበራል። ከዚያ ቶሎ ብሎ አሮጊቷ የንጉሥ አክስት እንደነበረች ይጨምራል።

የሥራው ከባድ ግማሽ ግን መሄዱ ሳይሆን መመለሱ ነው። ሰባት ሰዓት ላይ መነጽሩ ይወልቃል፣ ጨርቁ ይገለጣል። አስማሚዋ የገዛ እጅህን፣ ዓይንህ እያየ፣ ጣት በጣት ትዳብስልሃለች። ጭንቅላት ወደ ቤቱ እስኪገባ አሥር ደቂቃ ይፈጅ ነበር። ማሰማሪያው አሥሩን ወደ ሁለት አወረደው። ቀጥሎ «ለፈለገ» የሚል ቃል ለጠፈበት። ማንንም አላስገደደም። ድሬን ያስገደዳት ድሬ ራሷ ናት። ሳይመለሱ መውጣት ጉብዝና ሆነ። ብሩሽ ጠብቆ የሚቀመጠውን «ጡት ያልጣለ» አሉት። ማን ስንት ቀን ሳይመለስ እንደወጣ በአዳራሹ በር ላይ በጠመኔ ይጻፍ ጀመር። በዝርዝሩ አናት ላይ ያፌት ነበር፤ ሰማንያ ሦስት ቀን።

«አቦ ተቀመጥ» ትለው ነበር ኢክራም፣ ብሩሿን እንደያዘች። «እጅህ እዚያ እየቀረ አንተ ብቻ ነህ የምትሄደው።»

«ቤቱን ያውቀዋል። ምሳ ሲሸተው ይከተለኛል።»

«አንድ ቀን አይከተልህም።»

«እሱ ባይከተለኝ ሌሎች የሚከተሉኝ እጆች ሞልተዋል» ብሎ እየሳቀ ወጣ፤ በሩ ላይ የቆሙትም አብረውት ሳቁ።

በሰማንያ አራተኛው ቀን፣ ድሬ ምሳዋን በልታ በምትተኛበት ሰዓት፣ ያፌት ከእንቅልፉ ሲነቃ ደረቱ ላይ እጅ ተቀምጧል። የሞቀ፣ ከበድ ያለ፣ የማያውቀው እጅ። ጨዋ ሰው ነውና አልጮኸም። በቀኝ እጁ አንጓውን ያዘና ቀስ አድርጎ ወደ ፍራሹ ዳር አኖረው። ሊነሳ ሲል እጁ አብሮት ተነሣ።

«ሶልያና፣ ተኝቼ ሳለሁ ሰው መጥቶ ነበር እንዴ?»

ሚስቱ ሶልያና ከበረንዳው ገባች። ሃያ ስድስት ዓመት አብረው ኖረዋል፤ ጥያቄዎቹን ለምዳቸዋለች። «በዚህ ሙቀት ማን ይመጣል?»

«እጁን ረስቶ የሄደ ሰው አለ።»

ሶልያና እጁን አየች። ከዚያ እሱን አየችው። «ያንተ ነው እኮ።»

«የኔን እጅ አጥቼው ነው?»

«ጠባሳውን እየው።»

ከአውራ ጣቱ ሥር ግማሽ ጨረቃ የሚመስል ጠባሳ አለ፤ ድሮ ጎማ ሲጠግን የጋለ ብረት የነካው። ያፌት ጠባሳውን ወደ መስኮቱ ብርሃን አቅርቦ መረመረው። «የኔም እንዲህ ዓይነት ነበረው» አለ። «ጠባሳው የሚመሳሰል ስንት ሰው አለ።»

እጁ አልሞተም። ጣቶቹን ክፈት ሲለው ይከፍታል፣ ጨብጥ ሲለው ይጨብጣል። ያፌትን ያሳቀቀው ይኸው መታዘዙ ነው። ቤትህ የመጣ የማታውቀው ሰው ያለ አንዳች ቃል የምታዘውን ሁሉ ሲያደርግልህ ታፍራለህ እንጂ አትደሰትም። ደግሞም አንድ ቦታ አንድ ሰው ይህን እጅ እየፈለገው ይሆናል። ስለዚህ ፀሐይዋ በረድ ስትል ሸሚዙን ቀይሮ ወደ ቀበሌ ሄደ።

መስኮቱ ላይ ኑሃሚን የምትባል ወጣት ጸሐፊ ተቀምጣለች። ድሬ ውስጥ «እርስዎ» የሚባለው እንግዳ ብቻ ነውና፣ አባቷ ሊሆን የሚችለውን ሰው እንዲህ አለችው፦

«አንተ፣ ምን ጠፋብህ?»

«አልጠፋብኝም። ተገኘብኝ።»

«ምን?»

«እጅ።»

«ቀኝ ነው ግራ?»

«ግራ።»

«የት አገኘኸው?»

«ክንዴ ጫፍ ላይ።»

ጻፈች። «የወንድ ነው የሴት?»

ያፌት እጁን መስኮቱ ላይ አውጥቶ አገላበጠው። «እሱን እንኳ እንጃ። የኔ አይደለም ብዬሻለሁ፤ በምን አውቃለሁ?»

«ዛሬ አራተኛ ነህ። ጠዋት አንዲት ሴት እግር ይዛ መጥታ ነበር፤ በሁለቱም እግሯ እየተራመደች።» ከመሳቢያዋ ቢጫ ካርድ አወጣች። ካርዱ ላይ «ባለቤት የሚፈለግለት አካል» ተብሎ ታትሞበታል፤ ቁጥር ጨምራበት በክር አንጓው ላይ አሰረችለት። ክሩ ሲጠብቅ ያፌት ዝም ብሎ ተመለከተ፤ ሌላ ሰው ሲታሰር እንደሚያይ ሰው።

«እና አሁን?»

«ሠላሳ ቀን እንጠብቃለን። በሠላሳኛው ቀን መርማሪ ይመጣና በመዶሻ ይፈትንሃል። ከደነገጥክ ያንተ ነው፤ ክሩን እንበጥሳለን። ካልደነገጥክ ማሰማሪያው ይረከበዋል።»

«ቆርጦ?»

«ምን ያስቆርጠዋል? እዚያው አንተ ላይ እንዳለ። የሞቀ እጅ የሚፈልጉ ሥራዎች አሉ። ከሩቅ የሚያዘው ሰው ይመደብለታል። አንተ ምሳህን ስትበላ እሱ ሥራውን ይሠራል።» ቀና ብላ አየችው። «አያምም ይላሉ።»

ያፌት ወደ ቤቱ ሲመለስ እስከዚያ ቀን ድረስ ዓይቶ ያላያቸውን ሰዎች አየ። ባጃጅ ውስጥ አጠገቡ የተቀመጠው ሰውዬ በስልክ ስለ ልጁ ትምህርት እያወራ ቀኝ እጁ በአየር ላይ ጨርቅ ይዳብሳል፣ ያጥፋል፣ ይደረድራል። ሌሎቹ ተሳፋሪዎች ክርኑ እንዳይነካቸው ጠበብ ብለው ተቀምጠዋል። ማንም ጉዳዬ አላለውም። ሠፈር ሲደርስ ደግሞ ጎረቤቱ እማማ ሄቨን ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው ግራ እጃቸው ጭናቸው ላይ ሊጥ ያቦካል። ሊጥ ግን የለም።

«ጎበዝ ናት ባክህ» አሉት እማማ ሄቨን፣ እጃቸውን እያዩ። «ማን እንደሆነች ባውቅ ሰላም እላት ነበር። አንዳንዴ ሥራዋን ስትጨርስ ፊቴን ትዳብሰኛለች። የልጇ ፊት መስሏት ይሆናል።»

ያፌት ከዚህ በኋላ ነው የፈራው። ሰውየው በሕይወቱ ሁለት ጊዜ ብቻ ነው የፈራው፤ አንዱን ጊዜ አያስታውሰውም። የፈራው ሥራ ማጣቱን አልነበረም፣ ሕመሙንም አልነበረም። እሱና ሶልያና ከተጋቡ ጀምሮ ከምሳ በኋላ እጅ ለእጅ ተያይዘው ነው የሚተኙት። ሙቀቱ አርባ ሲገባ እንኳ አይለቃቀቁም፤ ላባቸው ይቀላቀላል። ከሠላሳ ቀን በኋላ ሶልያና ተኝታ የምትይዘው እጅ የማን ይሆናል? ሩቅ አገር ያለ አንድ ሰው ሥራውን ጨርሶ ሲደክመው፣ የማያውቃትን ሴት ጣቶች ጨብጦ ያርፋል ማለት ነው።

በማግስቱ ምሳ ላይ ሶልያና ሦስት ፎጣ አመጣች። አንዱ ለሷ፣ አንዱ ለሱ፣ አንዱ ለእንግዳው።

«ምን ማለትሽ ነው?» አላት።

«ቤት የመጣ ሰው ፎጣ ይሰጠዋል።»

«እንዳይለምድብን ፈርቼ ነው።»

«ቢለምድስ? ይልመድ እንጂ።»

ያፌት በመጀመሪያዎቹ ቀናት ያልሞከረው ነገር የለም። እጁን ሰደበው፤ በሰባት ቋንቋ ሰደበው። ለመነው። ስሙን በእስክሪብቶ ጻፈበት፤ በላብ ጠፋ። በቀኝ እጁ ብሩሽ ይዞ ራሱን በራሱ ሊያስማማ ሞከረ፤ ስልሳ አይደለም ስድስት ሺህ ጊዜ ዳበሰ። ብሩሹ መላጣ ሆነ እንጂ እጁ ንቅንቅ አላለም። በስድስተኛው ቀን ኢክራም ልትጠይቀው ቤቱ መጣች። አንጓው ላይ ያለውን ቢጫ ካርድ አየችና ወንበር ስባ ተቀመጠች።

«ሰማንያ ሦስት ቀን» አለች።

«በሩ ላይ አሁንም ስሜ አለ?»

«አለ። የሚበልጥህ አልመጣም። ደስ ይበልህ።» ብሩሿን ከቦርሳዋ አውጥታ መልሳ ከተተችው። «ይሄ ከእንግዲህ በብሩሽ አይሆንም። ጭንቅላትህ ብሩሹን ነቅቶበታል። በሄድክ ቁጥር በብሩሽ አታለነው፤ አሁን በብሩሽ እውነት ብንነግረው አያምንም።»

«በገዛ እጄስ?»

«ራስህን ኮርኩረህ ስቀህ ታውቃለህ? የገዛ እጅህ ምን ሊያደርግ እንደሆነ ጭንቅላትህ ቀድሞ ያውቃል። ያወቀውን ደግሞ ከቁም ነገር አይቆጥረውም።» ወደ ሶልያና ዞረች። «ለዚህ ሌላ እጅ ያስፈልጋል። የሚያምነው እጅ። ጎን ለጎን ይቀመጡ፤ አንዱን የነካው ነገር ሌላውንም በዚያው ቅጽበት ይንካው። ዓይን ሁለቱንም ይይ። ያኛው እጅ ሲሰማው አይቶ፣ ይሄኛው ምናልባት እኔስ ይላል።»

«ምናልባት?» አለ ያፌት።

«ምናልባት። የፈለግኸው ቁርጥ ከሆነ ቀበሌ ሂድ።»

እንግዲህ በየትም ዓለም ያልተሞከረው መድኃኒት የተጀመረው እዚህ ላይ ነው፤ መድኃኒቱም ማንቆርቆሪያና ሳፋ ነበር። ከማዕድ በፊት እጅ ማስታጠብ ያለ ነገር ነው። ያፌትና ሶልያና ግን ግራ እጆቻቸውን ሳፋው ላይ ጎን ለጎን አኖሩ፤ ትንንሾቹ ጣቶች እስኪነካኩ አጠጋጓቸው። ያፌት በቀኙ ከላይ አንድ ቀጭን ውሃ አወረደ፤ ከአንዱ እጅ ጀርባ ወደ ሌላው ጀርባ እንዲፈስ አድርጎ። አንድ ውሃ፣ ሁለት እጅ፣ አንድ ቅጽበት። ቁርስ፣ ምሳ፣ ራት። ሲታጠቡ አያወሩም። የድሬ ውሃ ኖራ አለበት፤ ሲደርቅ ሁለቱም እጆች ላይ አንድ ዓይነት ነጭ መስመር ትቶ ይሄድ ነበር።

ሦስት ሺህ ማንቆርቆሪያ ውሃ ፈሰሰ። የድሬ ውሃ ክፍል ሠራተኞች ቧንቧ የፈነዳ መስሏቸው ሠፈሩን ሁለቴ ቆፍረዋል።

በአሥረኛው ቀን ምንም የለም። በአሥራ አምስተኛውም። በአሥራ ዘጠነኛው ቀን ምሳ ሰዓት፣ የጣሪያው ታንከር ፀሐይ ሲጠጣ ውሎ ውሃው ፈልቷል፤ ማንም አላስተዋለም። ውሃው ሲወርድ ከሳፋው በኩል «ያቃጥላል» የሚል ድምፅ ተሰማ። ማንቆርቆሪያው ቆመ።

«ምን አልክ?» አለች ሶልያና።

«ያቃጥላል።»

«የትኛውን?»

«ግራውን። የኔን።» ቃሉ ካፉ ከወጣ በኋላ ራሱ ደነገጠ። ያን ቀን ሁለቱም እንቅልፍ አልወሰዳቸውም፤ እጅ ለእጅ ተያይዘው ጣሪያውን ሲያዩ ዋሉ። በማግስቱ ጠዋት ግን እጁ እንደገና እንግዳ ነበር። በማግስቱ ማታ ትንሽ መጣ። ከዚያ ሦስት ቀን ጠፋ። ልክ እንደዚያ ሲመጣ፣ ሲሄድ፣ በር ላይ ቆሞ ሲያመነታ ሠላሳው ቀን ሞላ።

ፈተናው በማሰማሪያው አዳራሽ ነበር። ሰው ሁሉ ሥራ ፈትቶ መጣ፤ ሦስት ሺህ ይሆናል፣ በጣሪያው ላይ የወጡት ሳይቆጠሩ። መርማሪው ከአዲስ አበባ የመጣ፣ ረጋ ያለ፣ ሙቀቱ ያደከመው ሰው ነበር።

«እርስዎ ነዎት አቶ ያፌት?» አለ።

እርስዎ መባሉን ያፌት አልወደደውም። ድሬ ውስጥ እንዲህ የሚያናግሩህ ለክፉ ነው። «እኔ ነኝ» አለ። «ይሄኛውን ግን እያጣራን ነው።»

ግራ እጁን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡለት። ጣቶቹ ላይ ላብ የሚለካ ቀጭን ሽቦ ተደረገ። ከበላዩ መዶሻ ተንጠልጥሏል። ደንቡ፣ መዶሻው ሰው ሳያስበው ይለቀቃል፤ ከቆዳው አንድ ጣት ሲቀረው ይቆማል። የራሱ እጅ የሆነ ሰው እንደሚቆም እያወቀም ይደነግጣል። የሰው እጅ ከሆነ ግን ቁጭ ብሎ ያያል።

«እጅዎን ይመለከታሉ?» አለ መርማሪው።

«እያየሁት ነው።»

«የማን ነው?»

ያፌት ረጅም ጊዜ አየው። ጠባሳውን አየ፣ የኖራውን ነጭ መስመር አየ። ውሸት መናገር ይችል ነበር፤ ለዚህ ነገር ተሰጥኦ አለው ይሉታል ምቀኞቹ። «አላውቅም» አለ። «ግን ለምጄዋለሁ።»

መዶሻው ተለቀቀ። መዶሻው አርባ ኪሎ ነበር፤ ማቆሚያው ደግሞ በዚያች ደቂቃ ተሰበረ። ግራ እጁ ግን ከመብረቅ ፈጥኖ ከጠረጴዛው ሸሸ፣ በአየር ላይ ዞረ፣ መዶሻውን ከእጀታው ቀለበና ድምፅ ሳያሰማ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። ላብ የሚለካው መሣሪያ ቁጥር አልቆበት ጠፋ። መርማሪው ተነሥቶ የቢጫውን ካርድ ክር በመቀስ ቆረጠ። «አቦ፣ አንተማ ባለቤቱ ነህ» አለው። እርስዎ ማለት የቀረው በዚያች ሰዓት ነው።

ከዚያ ቀን ወዲህ መመለሻው ተመልሶ አሥር ደቂቃ ሆነ። በበሩ ላይ የተጻፈው ጠመኔ ተጠረገ። እጃቸውን ያስመዘገቡ አራት መቶ ሰዎች ዘመዳቸውን፣ ጎረቤታቸውን፣ አንዱም አማቱን ይዘው ሳፋ ፊት ተቀመጡ፤ አብዛኛው እጅ ወደ ቤቱ ገብቷል። እማማ ሄቨንም ከልጃቸው ጋር እየታጠቡ ነው፤ የሚያቦካው እጃቸው አሁን በሳምንት ሁለት ቀን ያርፋል፣ ሲያርፍ የሳቸው ነው። ያፌትም ማሰማሪያውን በክብር ተሰናብቶ ወደ ጎማው ተመለሰ። ቢጫዋ ካርድ ሱቁ ውስጥ ሚስማር ላይ ተንጠልጥላለች፤ ጽሑፏ ግን ለቅቋል። በግራ እጁ አይምልም፤ በፈቃዱ የመጣ እጅ አይማልበትምና።

ያፌት ታሪኩን እዚህ ላይ ነው የሚያቆመው። ባለፈው ሐሙስም እዚሁ ላይ አቆመ። ሱቁ ደጃፍ ላይ ጎማው የተነፈሰበት አንድ የባጃጅ ሹፌርና ጥላ ፈልገው የተጠጉ ሁለት ሰዎች ነበሩ። ሹፌሩ ሶልያናን ዞሮ አያት። እሷ ዝቅ ባለ በርጩማ ላይ ተቀምጣ የውስጥ ጎማ ላይ ማስቲሽ ትቀባለች።

«ሶሊ፣ እውነት ነው?»

ሶልያና ቀና አላለችም። ማስቲሹን ቀብታ ጨረሰች።

«ማሰማሪያው ውስጥ የሠራሁት እኔ ነኝ» አለች። «አሥራ አንድ ዓመት። እሱ ጎማውን ትቶ አያውቅም። በሩ ላይ የተጻፈው የኔ ስም ነበር፤ ቀበሌም የሄድኩት እኔ ነኝ። አሮጊቷም ያለችው የማን ልጅ ነሽ ነው። ምሳ ላይ ያወራሁለትን ሁሉ ይዞ ነው።»

ግራ እጇን አገላበጠች። ከአውራ ጣቷ ሥር ግማሽ ጨረቃ የሚመስል ጠባሳ አለ።

ያፌት ጎማ ሊነፋ ፓምፑን አንስቶ ነበር። አልነፋም።

«አሥሩ ደቂቃ እውነት ነው» አለች ሶልያና። «እሱንም ያስመለሱት እነ ኢክራም ናቸው፤ አስማሚዎቹ ሁሉ ብሩሻቸውን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠው ሦስት ቀን ቁጭ አሉ። መዶሻው ደግሞ ይቺን ያክላል።» አጠገቧ ያለችውን ትንሽ የጎማ መዶሻ በዓይኗ አሳየች። «ሰውም ሦስት ብቻ ነበርን። እስከ ሠላሳኛው ቀን በየማዕዱ ሱቁን እየዘጋ መጥቶ በቀኙ ውሃ እያፈሰሰ ግራውን ከግራዬ ጎን አኖረ። አንድ ቀን አልጎደለም። ይሄን አያወራም።»

ሹፌሩ ያፌትን አየው። ያፌት መሬት መሬቱን ያያል።

«የፈተናው ቀን እጄ አልመጣም ነበር» አለች። «መርማሪውን ለምኖ እጁን እዚያው ጠረጴዛ ላይ ከእጄ ጎን አስቀመጠ። መዶሻው ሲለቀቅ እኔ ቁጭ ብዬ ነበር የማየው። መጀመሪያ የሸሸው የሱ እጅ ነው። የኔ የሱን ተከትሎ ሄደ።»